ጭንቅላቱን የተመታ ውሻ ውሃ አይከለከልም

ሁርሶ ከድሬዳዋ በስተምዕራብ የሚገኝ የቆላ አገር ነው። ሙቀቱ ኃይለኛ ነው። በቆላ አገር ፍየልና በግ ለሚያረባ ሰው ውሻ ትልቅ ረዳት ነው። ሌሊት ጅብ ሲመጣ ይጮኻል፤ መንጋውን ይጠብቃል። ታዲያ ይኸው ውሻ በድንጋይ ይመታል፤ ከብት ይረግጠዋል፤ መኪና ይገጨዋል።

ጭንቅላቱን ክፉኛ የተመታ ውሻ አንዳንድ ጊዜ ሌላ ችግር ይታይበታል። ውሃ ጠጥቶ አይረካም። ቶሎ ቶሎ ይሸናል። ሽንቱም እንደ ውሃ ጥርት ያለ ነው። ባለቤቱ «ውሃ በዝቶበት ነው» ብሎ የውሃ ዕቃውን ያነሳበታል። ይህ ውሻውን ይገድለዋል። እንዴት ቢባል፦

ከአንጎል ሥር ፒቱታሪ የምትባል ትንሽ ዕጢ አለች። መጠኗ ከአተር ፍሬ አይበልጥም። ይህች ዕጢ ሆርሞን የሚባሉ መልእክተኞችን በደም ውስጥ ትልካለች። አንዱ ሆርሞን ኩላሊትን «ውሃ ቆጥብ» ብሎ ያዛል። ምቱ ዕጢዋን ወይም ከበላይዋ ያለውን የአንጎል ክፍል ከጎዳ ትእዛዙ ይቋረጣል። ያን ጊዜ ኩላሊት ገደቡ እንደ ተናደ ቦይ ውሃውን ይለቀዋል። ስለዚህ ውሻው የሚጠጣው ብዙ ስለሚሸና ነው። ውሃ ካጣ በቆላው ሙቀት ፈጥኖ ይሞታል።

ሌሎች ሆርሞኖችም ከጎደሉ ውሻው ይደክማል። ቡችላ ከሆነ ሊቀጭጭ ይችላል።

ምን እናድርግ?

1. ንጹሕ ውሃ ዘወትር በጥላ ሥር እናስቀምጥለት።
2. በቀን የሚጠጣውን እንለካ። 10 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በቀን ከ1 ሊትር በላይ ከጠጣ ከመጠን አልፏል።
3. ለእንስሳት ሐኪም እንንገር። የኩላሊትና የስኳር በሽታም ያስጠማሉ፤ ለይቶ የሚያውቀው ሐኪም ነው። ሕመሙ ራሱ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ካልጠፋም የጎደለውን ሆርሞን የሚተካ መድኃኒት አለ።
4. ጠባዩ የተለወጠ፣ ለሐጩ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃተው ውሻ ካየን አንጠጋው። የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። ሰው ከነከሰ ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

ይህ የውሃ ጥም ሕመም ጭንቅላቱን በተመታ ሰው ላይም ይደርሳል። እሱም ውሃ ሳይከለከል ወደ ሐኪም ይወሰድ።

ጥያቄዎች

ሀ. ፒቱታሪ የምትገኘው የት ነው?
ለ. ጭንቅላቱን የተመታ ውሻ ውሃ ቢከለከል ምን ይሆናል?
ሐ. በመንደራችሁ ውሻ ጭንቅላቱን ቢመታ ምን ታደርጋላችሁ?