ስኳርና ግፊት ላለበት ሰው የወገብ ህመም ሕክምና



በዛሬው የጤና ዓምዳችን የምንነጋገረው በብዙዎቻችን ቤት ስለሚገኝ ህመም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የወገብ ህመም ነበረባቸው። ይህም ከ13 ሰው አንዱ ማለት ነው። ህመሙ ከሦስት ወር በላይ ሲቆይ ሥር የሰደደ የወገብ ህመም ይባላል።

ስለ ወገብ ህመም የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ ሰውየው ሌላ በሽታ እንደሌለበት፣ ለፊዚዮቴራፒ የሚከፍለው ገንዘብና የሚያርፍበት ጊዜ እንዳለው አድርጎ ይናገራል። ውሃ በጀሪካን የምትቀዳ፣ ቀኑን ሙሉ ምጣድ ላይ ጎንበስ ብላ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ፣ በዚያ ላይ ስኳርና ደም ግፊት ያለባት እናት ምን ታድርግ? በሸክም ሥራ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር፣ ጨጓራው የሚያቃጥለው አባትስ? የዛሬው ጽሑፋችን በተለይ ለእነርሱና ለሚያስታምሟቸው ቤተሰቦች ነው።

ርካሹ ኪኒን

ወገቡን ያመመው ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ መድኃኒት ቤት ነው። "የወገብ መድኃኒት ስጡኝ" ይላል፤ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ወይም ኢንዶሜታሲን ይዞ ይመለሳል። ዋጋቸው ብዙ አይደለም፤ ህመሙንም ቶሎ ያስታግሳሉ። ሌላ በሽታ የሌለበት ሰው ለጥቂት ቀናት ቢወስዳቸው አብዛኛውን ጊዜ ችግር አያመጡም። ችግሩ ስኳር፣ ግፊት፣ የኩላሊት ወይም የጨጓራ በሽታ ያለበት ሰው ለወራት ሲውጣቸው ነው።

እንዴት ይጎዳሉ? ሰውነታችን ፕሮስታግላንዲን የተባሉ ንጥረ ነገሮችን ያመነጫል። እነዚህ የህመምና የእብጠት ስሜት ያባብሳሉ። ኪኒኑም የሚሠራው እነርሱ እንዳይመረቱ በማገድ ነው። ይሁን እንጂ እነዚሁ ንጥረ ነገሮች የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ ይከላከላሉ፤ ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደምም እንዳይቀንስ ይረዳሉ። ስለዚህ ኪኒኑ ህመሙን ሲቀንስ የጨጓራውን መከላከያም አብሮ ያነሳል። ኩላሊት የሚደርሰው ደም ያንሳል፤ ጨውና ውሃ በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፤ የደም ግፊት ይጨምራል። ስኳርና ግፊት ደግሞ ከመጀመሪያውም ኩላሊትን የሚያደክሙ በሽታዎች ናቸው።

ከሁሉም የሚያሰጋው ሦስት መድኃኒቶች ሲገናኙ ነው። ለግፊታቸው ኢናላፕሪል የሚወስዱ ብዙዎች ናቸው። ከእርሱ ጋር ሽንት የሚያበዛው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የታዘዘላቸውም አሉ። ሁለቱ አንድ ላይ ለግፊት ጥሩ ናቸው። በእነርሱ ላይ ዳይክሎፌናክ ሲጨመር ግን ኩላሊት በድንገት ሊደክም ይችላል። አደጋው የሚብሰው ሰውነት ውሃ ባጣበት ቀን ነው፤ ተቅማጥ ሲይዝ፣ በሙቀት ሲሠራ ሲዋል፣ ወይም በረመዳን። "ቀን እንዳያመኝ" ብሎ በሱሑር ኪኒን ውጦ እስከ መግሪብ ያለ ውሃ የሚውል የግፊትና የስኳር በሽተኛ ኩላሊቱን በጣም እየፈተነው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ረመዳን ከመግባቱ በፊት ስለ ጾሙም ስለ መድኃኒቱም ሐኪሙን ማማከር ይገባዋል።

የኩላሊት ጉዳት መጀመሪያ ላይ አያምም። ስለዚህ እነዚህን ኪኒኖች ለወራት ሲወስድ የቆየ የስኳር ወይም የግፊት በሽተኛ ክሬያቲኒን የሚባለውን የደም ምርመራ እንዲያዙለት ሐኪሙን ይጠይቅ። የዲያሊሲስ ወጪ ስንቱን ቤት እንዳራቆተ የምናውቀው ነው። ሠገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ ወይም ደም ያስታወከ ሰው ደግሞ ጨጓራው እየደማ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ይሂድ።

"በመርፌ ይሻላል" የሚሉም አሉ። ዳይክሎፌናክ በመርፌ ተወጋም ተዋጠም ጉዳቱ ያው ነው፤ ጨጓራን የሚጎዳው በደም በኩል ጭምር ነውና። ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን ከሆነ የደም ስኳርን በጣም ከፍ ያደርጋል። ትራማዶል ሱስ ያስይዛል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች ለቆየ የወገብ ህመም እንዳይሰጡ መክሯል። ፓራሲታሞል ለጨጓራና ለኩላሊት ይሻላል፤ ለወገብ ህመም ግን አቅሙ ትንሽ ነው። እ.ኤ.አ በ2014 በአውስትራሊያ ከ1600 በላይ አዲስ የወገብ ህመም የያዛቸው ሰዎች ላይ ሲሞከር መድኃኒት ከሌለው ባዶ ኪኒን በልጦ አልተገኘም።

"ዲስክ ነው" ተባልኩ

ላም ሸጦ፣ ተበድሮ ኤምአርአይ የሚነሳ ሰው አለ። ውጤቱን ሲያነቡለት "ዲስክህ ወጥቷል" ይባላል፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንዳይሰበር እየፈራ እንደ ብርጭቆ ራሱን ይጠብቃል። መንቀሳቀስ ያቆማል፤ ጡንቻው ይላላል፤ ህመሙ ይብስበታል።

እ.ኤ.አ በ2015 የታተመ አንድ ጥናት ምንም የወገብ ህመም የሌለባቸውን ከ3000 በላይ ሰዎች የምርመራ ፎቶ አንድ ላይ ተመልክቶ ነበር። ከ20 ዓመት ወጣቶች መካከል 30 በመቶው፣ ከ80 ዓመት አረጋውያን ደግሞ 84 በመቶው ዲስካቸው ወጣ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። እነዚህ የማያማቸው ሰዎች ናቸው! ስለዚህ በፎቶ ላይ የታየ ዲስክ ሁልጊዜ የህመሙ ምክንያት ነው ማለት አይቻልም። ብዙውን የቆየ የወገብ ህመም በፎቶ እያሳዩ "ምክንያቱ ይህ ነው" ማለት አይቻልም።

ቢሆንም ቶሎ መመርመር ያለበት የወገብ ህመም አለ። ከህመሙ ጋር ማታ ማታ የሚያልብ፣ የሚያተኩስና የሚያከሳ ከሆነ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ቲቢ ሳንባን ብቻ የሚይዝ አይምሰላችሁ። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ለቲቢ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል፤ ዘግይቶ የመጣ ሰው ግን እግሮቹ ሽባ ሊሆኑ ይችላሉ። ጥሬ ወተት የሚጠጣ ወይም ከብት የሚያረባ ሰው ትኩሳትና የወገብ ህመም ከያዘው ብሩሴሎሲስ መኖሩ ይታይለት። ቀድሞ ካንሰር የነበረበት፣ ወይም በዕድሜ የገፋችና ወድቃ በድንገት ወገቧን ያመማት እናት እንዲሁ መመርመር አለባቸው። ሽንት ወይም ሠገራ መቆጣጠር ያቃተው፣ በመቀመጫውና በጭኑ መሐል የደነዘዘው ወይም እግሩ እየዛለ የሄደ ሰው ግን ነገ አይባልም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት።

ወጌሻ ዘንድ ለመታሸት የሚሄዱ ወንድሞችና እህቶችም እነዚህን ምልክቶች ልብ ይበሉ። በቲቢ የተበላ ወይም የሳሳ አጥንት በኃይል ሲታሽ ይሰበራል። ዋግምት (ሒጃማ) የሚያስደርግ የስኳር በሽተኛ ቁስሉ ቶሎ ላይድንለት፣ ሊመረቅዝበትም ይችላል፤ እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ሐኪሙን ሳይጠይቅ አያስደርግ። ምላጩ ሌላ ሰው ላይ ያልዋለ አዲስ መሆኑንም በዓይን አይቶ ማረጋገጥ ነው።

ታዲያ ሕክምናው ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ በታኅሣሥ 2023 የዓለም ጤና ድርጅት ለቆየ የወገብ ህመም የመጀመሪያውን መመሪያ አወጣ። በመመሪያው ከተደገፉት መካከል ስለ ህመሙ ለበሽተኛው በሚገባ ማስረዳትና የሰውነት እንቅስቃሴ ይገኙበታል። የወገብ ቀበቶንና ወገብ በክብደት መጎተትን አልደገፈም።

ይህ ለድሃም ይሠራል ወይ? በአሜሪካ ቦስተን ከተማ እ.ኤ.አ በ2017 ውጤቱ የታወቀ ጥናት በ320 ሰዎች ላይ ተካሂዶ ነበር። አብዛኞቹ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ነበሩ። ከፊሎቹ በቡድን ሆነው ለ12 ሳምንታት ዮጋ የሚባለውን የማፍታቻ እንቅስቃሴ ሠሩ፤ ከፊሎቹ ደግሞ በግል ፊዚዮቴራፒ ተሰጣቸው። በቡድን የሠሩት በባለሙያ ከታከሙት አላነሱም። ለእኛ ቁም ነገሩ ስሙ አይደለም። ውድ ዕቃ ሳያስፈልግ፣ በዝግታና በቋሚነት ሰውነትን ማፍታታት ፊዚዮቴራፒን ያህል መጥቀሙ ነው።

ከዚህም የሚቀል አለ። በአውስትራሊያ 701 ሰዎች የተሳተፉበት እ.ኤ.አ በ2024 የታተመ ጥናት ከወገብ ህመም ያገገሙ ሰዎች በባለሙያ እየተመከሩ ቀስ በቀስ በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ ወደ መራመድ እንዲደርሱ አደረገ። ለመካከለኛው ሰው ህመሙ ሳይመለስበት የቆየው 208 ቀን ነበር፤ ካልተመከሩት ወገን 112 ቀን ብቻ።

የእግር ጉዞ የደም ስኳርንም ግፊትንም ይቀንሳል። ለሦስት በሽታ አንድ መድኃኒት፣ ያውም ያለ ክፍያ! ዳይክሎፌናክ ግን ወገቡን አስታግሶ ግፊቱን ያባብሳል። መስጂዱ ከቤትዎ የአምስት ደቂቃ መንገድ ከሆነ ለሦስት ወቅት ሶላት በእግር ደርሶ መመለስ 30 ደቂቃውን ይሞላል። እህቶች ከጎረቤት ጋር ጠዋት ጠዋት ሊወጡ ይችላሉ። ወጥታችሁም ፊትና እጃችሁን ፀሐይ ያግኘው፤ ሁልጊዜ ተሸፍኖ ቤት የሚውል ሰው ቫይታሚን ዲ ያጥረዋል፤ ያን ጊዜ አጥንት ይሳሳል፣ ወገብም ያማል። ፀሐይ ያገኘ ሰውነት ከወተት፣ ከጤፍና ከጎመን የሚገኘውን ካልሲየም በደንብ ይጠቀምበታል።

ቤት ውስጥ በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን በማጠፍ መቀመጫን ከምንጣፉ ቀስ አድርጎ ማንሳትና መመለስ፣ አሥር ጊዜ። ከዚያ አንዱን ጉልበት ወደ ደረት ስቦ ጥቂት መቆየት፣ ቀጥሎ ሌላውን። መጀመሪያ ትንሽ ቢያም ወገቡ ተበላሸ ማለት አይደለም፤ ህመሙ ወደ እግር እየወረደ ከባሰ ግን ያቁሙ። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው በባዶ ሆድ ረጅም መንገድ አይሂድ፤ ኪሱ ውስጥ ሁለት ሦስት ተምር ይያዝ። ከጉዞ መልስ እግሩን ቁስል እንዳለበት ይመልከት። ወገቡን በሙቅ ውሃ የሚያሞቅም ሙቀቱን መጀመሪያ ሌላ ሰው ይለካለት፤ ስኳር ስሜትን ስለሚያደነዝዝ ሳይታወቅ ያቃጥላል።

ሥራውን ማቆም የማይችል ሰው አሠራሩን ሊቀይር ይችላል። ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን በሁለት ባለ 10 ሊትር በግራና ቀኝ መያዝ፣ ምጣዱን ከወገብ በላይ ከፍ አድርጎ ቆሞ መጋገር፣ ሸክምን ከጉልበት ታጥፎ ማንሳት ይረዳል። ለጫት ስድስት ሰባት ሰዓት መቀመጥ ግን ወገብንም ግፊትንም ይጎዳል፤ እንቅልፍ ሲጠፋ ደግሞ ህመሙ ይበረታል።

ስለ ሶላት ብዙ ጊዜ እንጠየቃለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በህመም ላይ ለነበሩት ለዒምራን ኢብን ሑሰይን (ረ.ዐ) ቆመው እንዲሰግዱ፣ ካልቻሉ ተቀምጠው፣ እርሱንም ካልቻሉ በጎን ተኝተው እንዲሰግዱ እንደነገሯቸው ቡኻሪ ዘግበዋል። ሩኩዕና ሱጁድ ያቃተው ሰው ወንበር ላይ ሆኖ ቢሰግድ አይፈር፤ ህመሙ ሲቀልለት በዝግታ ወደ ቀድሞው ይመለሳል።

ሕክምናውን በገንዘብ ምክንያት የተዉ ቤተሰቦች የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ስለመሆን በቀበሌ ወይም በወረዳ ይጠይቁ። መክፈል የማይችሉ ቤተሰቦች ተለይተው መዋጯቸው በመንግሥት የሚሸፈንበት አሠራር አለው። በየመስጂዱ ያላችሁ ጀማዓዎችም ከምትሰበስቡት ሰደቃ መዋጮው ላቃተው ጎረቤት ልትከፍሉለት ትችላላችሁ።

ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ከጎረቤት የተዋሱትንም፣ ባዶ ፓኮውንም ጭምር በፌስታል ይዘው ይሂዱ። ለሐኪሙም ስኳር፣ ግፊት፣ ጨጓራ ወይም ኩላሊት እንዳለብዎት፣ ለወገብዎ ምን ለስንት ወር ሲወስዱ እንደቆዩ፣ የሚጾሙም ከሆነ እርሱን፣ ሳይጠየቁ አስቀድመው ይንገሩት።