ምዕራፍ 7፦ ያልተመዘገበ እንዳልተሠራ ይቆጠራል

ካርድ ላይ ያልተጻፈ ሕክምና እንዳልተሰጠ እንደሚቆጠር እያንዳንዱ ሐኪም ከኢንተርንነቱ ጀምሮ ከሲኒየሮቹ ሲሰማ ኖሯል። በሌሊት ያዘዘውን መድኃኒት ከነሰዓቱ የሚመዘግበው ይኸው ሐኪም ታዲያ ስለ ራሱ ሲጽፍ “ጠቅላላ ሐኪም፣ ድንገተኛ ክፍል፣ ሁለት ዓመት” ብሎ ያልፋል። ወደ ብሪታንያ ሆስፒታሎች ማመልከት የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ማስረጃ እንጂ ልምድ አይደለም። በዚህ ምዕራፍ ያንን ልምድ እንዴት ወደ ማስረጃ እንደሚለውጡት እናያለን።

ሁሉም አመልካች የሚያሟላው

በብሪታንያ በሐኪምነት ለመሥራት በጠቅላላ የሕክምና ምክር ቤቱ (ጂኤምሲ) መመዝገብና የሙያ ፈቃድ ማግኘት ግድ ነው። ብዙዎች የሚሄዱበት መንገድ የታወቀ ነው። በአካዳሚክ አይኢኤልቲኤስ የእንግሊዝኛ ፈተና በአጠቃላይ 7.5፣ በእያንዳንዱ ክፍል ደግሞ ቢያንስ 7 ማምጣት፣ ወይም በኦኢቲ በአራቱም ክፍሎች “ቢ” ማግኘት ያስፈልጋል። ከዚያ ዲግሪ ይረጋገጣል፤ የፕላብ ሁለት ፈተናዎችም ይከተላሉ። የመጀመሪያው 180 ጥያቄዎች ያሉት የሦስት ሰዓት የጽሑፍ ፈተና ነው፤ ሁለተኛው ማንቸስተር ውስጥ የሚሰጥ የተግባር ፈተና ነው።

ይህን ሁሉ ማለፍ ትልቅ ድካም ይጠይቃል። ሆኖም ከእርስዎ ጋር የሚወዳደሩትም አልፈውታል፤ ስለዚህ ከሌሎች የሚለይዎት ሌላ ነገር መሆን አለበት።

አንድ ተጨማሪ ጉዳይም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው፣ ከባድ የጤና ባለሙያ እጥረት ያለባቸው 55 አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ አለች። በዚህ ምክንያት የብሪታንያ ቀጣሪዎችና ወኪሎቻቸው ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ሐኪም እንዳይመለምሉ የብሪታንያ የምልመላ ደንብ ይከለክላል። በራሱ ተነሳሽነት በቀጥታ የሚያመለክት ሐኪም ግን አይከለከልም። እንግዲህ ስለ እርስዎ የሚናገርልዎ ማመልከቻዎ ብቻ ነው። “ገንዘብ ይክፈሉኝና ሥራ ላስገኝልዎ” የሚል ደላላ ካጋጠመዎትም ይራቁት፤ ለሥራ ማስገኛ ከአመልካች ክፍያ መቀበል በብሪታንያ ሕግም የተከለከለ ነው።

ተፈላጊ ችሎታውን ነጥብ በነጥብ ይመልሱ

የብሪታንያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት (ኤንኤችኤስ) ክፍት ቦታዎች በዋናነት ኤንኤችኤስ ጆብስና ትራክ በተባሉ ድረ ገጾች ይወጣሉ። ከእያንዳንዱ ማስታወቂያ ጋር የተፈላጊ ችሎታ ዝርዝር ተያይዟል፤ ዝርዝሩ የግድ መሟላት ያለባቸውንና ቢኖሩ የሚመረጡትን ለይቶ ያስቀምጣል። ዕጩዎችን የሚለዩት ሐኪሞች ይህን ዝርዝር ፊታቸው አስቀምጠው ነጥብ ይሰጣሉ። እርስዎም እንደዚሁ ያድርጉ፦ እያንዳንዱን መስፈርት በወረቀት ላይ ይጻፉ፣ ከሥሩም ማስረጃዎን ያስፍሩ። ለአንድ ግዴታ መስፈርት መልስ ካልሰጡ የቀረው ጽሑፍ ምንም ያህል ቢያምር ላያድንዎት ይችላል። አንድ ጽሑፍ ለሃምሳ ሆስፒታል ከመበተን፣ ለአምስት ሆስፒታል በየዝርዝራቸው ልክ መጻፍ ይሻላል።

ልዩነቱን በምሳሌ እንይ። አንድ አመልካች “በድንገተኛ ክፍል ብዙ ሕሙማን አክሜአለሁ፤ በቡድን መሥራት እችላለሁ” ብሎ ይጽፋል። ሌላው እንዲህ ይላል፦ “በሪፈራል ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል በሌሊት ዱቲ ላይ የደም ግፊታቸው የወረደ፣ ትኩሳት ያላቸው ታካሚ ተቀበልኩ። ከአየር መተላለፊያ ጀምሬ በቅደም ተከተል መረመርኳቸው፤ ኦክስጅንና ፈሳሽ አስጀምሬ በመጀመሪያው ሰዓት አንቲባዮቲክ ሰጠሁ። ግፊቱ አልመለስ ሲል ወዲያውኑ ለተረኛው ሬዚደንት ደወልኩ። ጠዋት በሞርኒንግ ሴሽን ጉዳዩን አቅርቤ ለቀን ቡድን አስረከብኩ።”

የሁለተኛው ጽሑፍ ጉልበት ያለው “ለተረኛው ሬዚደንት ደወልኩ” በሚለው ላይ ነው። አገራችን ሲኒየር በማይገኝባቸው ሆስፒታሎች ብቻውን መወጣት የለመደ ሐኪም ያፈራች ስለሆነች “ብቻዬን ተወጣሁት” ማለት ጀግንነት ይመስለናል። የብሪታንያ ቀጣሪ ግን የአቅሙን ወሰን አውቆ በጊዜ እርዳታ የሚጠራ ሐኪም ይፈልጋል። ቃለ መጠይቅ ላይም ስለ ድንገተኛ ታካሚ ሲጠየቁ ሲኒየር የሚጠሩበትን ሰዓት ሳይጠቅሱ መልስዎን አይጨርሱ።

ባሉበት ዋርድ ኦዲት ይሥሩ

በብዙ ማስታወቂያዎች ላይ የሚገኝ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን አመልካቾችም ባዶ የሚተዉት መስፈርት ክሊኒካል ኦዲት ነው። ለዚህ በጀት አያስፈልግም። እንበል፣ የሳንባ ምች ይዟቸው የተኙ 30 ታካሚዎችን ካርድ ያያሉ፤ የኦክስጅን መጠናቸው ሲገቡ የተመዘገበላቸው 12ቱ ብቻ ሆነው ያገኛሉ። ውጤቱን በሞርኒንግ ሴሽን ያቀርባሉ፤ በነርሶች ጠረጴዛ አጠገብ አንድ ገጽ ማስታወሻ ይለጥፋሉ። ከሁለት ወር በኋላ ሌሎች 30 ካርዶች አይተው ለውጡን ይለካሉ።

ሁለተኛው ልኬት ከቀረ ሥራው ግማሽ ነው። ቁጥሩ ባይሻሻል እንኳ ለምን እንዳልተሻሻለ መጻፍ ዋጋ አለው። ከመጀመርዎ በፊት የክፍሉን ኃላፊ ያስፈቅዱ፤ የታካሚ ስም አይጻፉ፤ ሲጨርሱም ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይቀበሉ። ለኢንተርኖች ያስተማሩት ትምህርትም እንዲሁ በተማሪዎቹ የጽሑፍ አስተያየት ይደገፍ።

ምስክሮችና የጊዜ ክፍተት

ቀጣሪው ባለፉት ሦስት ዓመታት የት እንደሠሩ ወይም እንደተማሩ የሚመሰክሩ ሰዎች ይፈልጋል፤ ምስክሮቹም በተቋማቸው ኢሜይል ቢመልሱ ይመረጣል። ስለዚህ ሲኒየርዎን ቀድመው ያነጋግሩ፣ የሥራ ዝርዝሩንም ይላኩላቸው። ለፕላብ ሲያጠኑ፣ ሲታመሙ ወይም ሆስፒታሉ በጦርነት ሲዘጋ ያለፈ ጊዜ ካለ ወሩን ጠቅሰው በአንድ መስመር ያስረዱ። ምክንያቱ ያልተነገረ ክፍተት ጥርጣሬ ይጋብዛል።

የሌላ ሰው ጽሑፍ መገልበጥ ወይም ያልሠሩትን ኦዲት ሠራሁ ማለት ደግሞ የሥራ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ጂኤምሲ ሐቀኝነትን የሙያው መሠረት አድርጎ ስለሚያይ ምዝገባዎን እስከማሳጣት ሊደርስ ይችላል።

ሥራዎን ቶሎ አይልቀቁ

ፉክክሩ እየከበደ ነው። የብሪታንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ያወጣው የ10 ዓመት የጤና ዕቅድ በስፔሻሊቲ ሥልጠና ቦታዎች ለአገሩ ተመራቂዎች ቅድሚያ ለመስጠት አቅዷል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያመለክቱት ከሥልጠና ውጭ ላሉት፣ ክሊኒካል ፌሎ ለሚባሉት ቦታዎች ይሁን። የቅጥር ደብዳቤ ሳይደርስዎ ያለዎትን ሥራ አይልቀቁ፤ ቀጣሪዎች ከታካሚ ያልራቀ ሐኪም ይመርጣሉ።

ከሁሉም በላይ ማስረጃው የሚሰበሰበው አሁን ባሉበት ሆስፒታል ነው። ዛሬ አንድ ደብተር ይክፈቱ። ያከሙትን አንድ ከባድ ታካሚ ያለ ስም፣ ያስተማሩትን አንድ ትምህርት፣ ሊለኩት የሚፈልጉትን አንድ ጉድለት ይጻፉበት። ፊርማውንና ማኅተሙን ሥራዎን የሚያውቁ ኃላፊዎች አጠገብዎ ሳሉ ይቀበሉ፤ ከሄዱ በኋላ ማግኘቱ ይከብዳል።