የደለበ በሬ እና ያበጠ በሬ

ዛሬ ስለ በሬ ነው የማወራችሁ። ትንሽ ታገሱኝና መጨረሻ ላይ ወደ ራሳችን እንመለሳለን፤ ምክንያቱም በሬውን የሚያሳብጡበት መድኃኒት እኛም ከፋርማሲ የምናውቀው ነው።

ባንግላዴሽ ውስጥ ትልቁ የከብት ገበያ የሚደራው ለአረፋ በዓል ነው። ገበሬው በዓሉ ሦስት አራት ወር ሲቀረው ከሲታ ወይፈን ይገዛና ቀልቦ ለገበያ ያወጣዋል። ትክክለኛው ማድለብ የታወቀ ነው፦ በዩሪያና በሞላሰስ የታከመ የሩዝ ጭድ፣ ሣር፣ ፉርሽካ። ይሄ ጊዜም ገንዘብም ይፈልጋል። የቸኮለው ግን አቋራጭ ይፈልጋል፣ አቋራጩ ደግሞ ርካሽ ነው፦ ዴክሳሜታሶንና ፕሬድኒሶሎን፣ በኪኒን ወይም በመርፌ። የሀገሪቱ የመኖ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2010 ሆርሞንና ስቴሮይድ መኖ ውስጥ መጨመርን ከልክሏል። ሆኖም የበዓል ሰሞን በመጣ ቁጥር ጉዳዩ እንደገና ይነሳል።

በሬው ውስጥ ምን ይፈጠራል?

እነዚህ መድኃኒቶች ኮርቲኮስቴሮይድ ይባላሉ። በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲሰጡ ሰውነት ጨውና ውሃ ይይዛል፣ ስቡም ቦታ ይቀይራል። ገዢው ፊት የቆመው በሬ ሞላ ያለ፣ ቆዳው የተወጠረ፣ የሚያብለጨልጭ ነው። ውስጡን ብታዩት ግን መድኃኒቱ ጡንቻን ያመነምናል እንጂ አይገነባም። አስቡት እስኪ፣ ሥጋ ልትገዙ ሄዳችሁ ውሃ በኪሎ እየከፈላችሁ ነው።

እዚያ ያሉ የእንስሳት ሐኪሞች ለገዢው የሚመክሩት አንድ ዘዴ አለ፣ ለኔ እንደ ሐኪም በጣም ደስ ይላል። የበሬውን ታፋ በጣታችሁ ጫን አድርጉት። ጤነኛ ከሆነ ሥጋው ወዲያው ይመለሳል፤ ያበጠ ከሆነ ጣታችሁ ያረፈበት ጎድጉዶ ይቆያል። እኛም እግሩ ያበጠ የልብ ወይም የኩላሊት ታካሚ ሲመጣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የምናደርገው ይህንኑ ነው! ሌላው ምልክት በሬው መፍዘዙ ነው። ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ዝንብ ለማባረር እንኳ ጭራውን ለማንሳት ይሰንፋል።

አደጋው በዚህ አያበቃም። መድኃኒቱ ከውጭ ሲገባ ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል እጢዎች የራሳቸውን ሆርሞን ማምረት ይተዋሉ። በሽታ የመከላከል አቅሙም ይደክማል። እንዲህ ያለ በሬ በጭነት መኪና ረጅም መንገድ ሲጓዝ፣ ወይም ቶሎ ሳይታረድ ቢቀር፣ ወድቆ ሊሞት ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላጥራ፣ ሰው ብዙ ጊዜ ስለሚያምታታው። ጂም ውስጥ የሚወራለት ስቴሮይድ ሌላ ነው። እሱ አናቦሊክ ይባላል፣ እንደ ቴስቶስትሮንና ትሬንቦሎን ያለው፣ ጡንቻ በእውነት ይጨምራል። አሜሪካ የተወሰኑትን በቁጥጥር ከበሬው ጆሮ ቆዳ ስር እንዲቀበሩ ትፈቅዳለች። የአውሮፓ ማኅበረሰብ ግን ለማሳደጊያ መጠቀምን ከልክሎ፣ ከጥር 1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሆርሞን ያደገ የአሜሪካ ሥጋም አላስገባም ብሏል።

ክልከላው ደግሞ ጥቁር ገበያ ወለደ። ቤልጂየም ውስጥ «የሆርሞን ማፊያ» እስከመባል ደረሰ። ካረል ቫን ኖፐን የሚባል የእንስሳት ሐኪም የመንግሥት ተቆጣጣሪ ሆኖ ይህን ንግድ ይከታተል ነበር። ብዙ ዛቻ ደርሶበታል፣ አልተወም። የካቲት 20 ቀን 1995 እ.ኤ.አ. ከቤቱ አቅራቢያ በጥይት ተገደለ። በ2002 አራት ሰዎች በዚህ ወንጀል ተፈረደባቸው። ለሥጋ ኪሎ ተብሎ የሰው ነፍስ!

ሥጋውን የበላ ሰውስ?

በሐቀኝነት ልንገራችሁ፦ አንድ ቀን ከእንዲህ ያለ በሬ ጥብስ የበላ ሰው በማግስቱ አያብጥም። ሥጋው ውስጥ የሚቀረው መጠን ኪኒን ከመዋጥ ጋር አይወዳደርም። ችግሩ ሕገወጥ ሲሆን መጠኑን የሚለካ አለመኖሩ ነው። ሐኪም ለታመመ ከብት ዴክሳሜታሶን ሲያዝ፣ መድኃኒቱ ከሰውነቱ እስኪወጣ ከብቱ ሳይታረድ የሚቆይበት ጊዜ አብሮ ይነግራል። ከበዓሉ ዋዜማ የተወጋ በሬ ግን ያን ጊዜ አያገኝም። ቅሪቱ በተለይ መርፌው ባረፈበት ቦታ፣ በጉበትና በኩላሊት ይበዛል።

ጉበት ካነሳን አይቀር፦ እ.ኤ.አ. በ1990 ስፔን ውስጥ 135 ሰዎች የበሬ ጉበት በልተው ልባቸው ይመታ፣ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ምክንያቱ ክሌንቡቴሮል ነበር። ይህ ስቴሮይድ ባይሆንም፣ ሥጋ ለማብዛት በድብቅ የሚሰጥ ነው። መቀቀልም ሆነ መጥበስ አላዳናቸውም።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። «ዶክተር፣ የመወፈሪያ ኪኒን ምን ትመክረኛለህ?» ብላችሁ የምትጽፉልኝ አላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ዴክሳሜታሶን ጀምራችኋል። ጉንጫችሁ ሞልቶ «አማረብሽ» ተብላችሁ ይሆናል። ከላይ ያለውን በሬ አስታውሱት፦ ፊት ይሞላል፣ ሆድ ይገፋል፣ እጅና እግር ይቀጥናል፣ ስኳርና ደም ግፊት ይጨምራል፣ አጥንት ይሳሳል። መድኃኒቱ በራሱ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ኮቪድ ጊዜ ኦክስጅን የሚያስፈልጋቸውን የጠና ሕመምተኞች ሕይወት ያተረፈው ይኸው ዴክሳሜታሶን ነው።

ሳምንታት ወይም ወራት ስትወስዱት ከቆያችሁ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ዛሬ ማታ አትጣሉት። አድሬናል እጢያችሁ እንደ በሬው ተኝቶ ሊሆን ስለሚችል በድንገት ማቆም ደም ግፊትን አውርዶ ራስን እስከመሳት፣ ከዚያም ለሕይወት አስጊ እስከመሆን ይደርሳል። የኪኒኑን ማሸጊያ ይዛችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ስንት ጊዜ እንደወሰዳችሁ ሳትደብቁ ተናገሩ፣ መጠኑን ቀስ በቀስ ያወርድላችኋል።