የዲቪዲ ራይተር ሲበላሽ ምን ዓይነት እንግዛ?

በዛሬው የትምህርት አምዳችን ይዤላችሁ የቀረብኩት ስለ ዲቪዲ ራይተር ነው። "ይሄ ደግሞ ለኛ ምን ያደርግልናል?" እንዳትሉ። እኔ ይህንን ባለማወቄ የእናቴን ብር ለከንቱ ላጠፋው ነበር። እናንተም እንደኔ እንዳትሳሳቱ ብዬ ነው የጻፍኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ 5 ዓመት ትልቋ እህቴ ስታገባ አያቴ ቆመው መርቀዋት ነበር። ምርቃቱ ከሠርጉ ጋር በቪዲዮ ተቀርጿል። አያቴ ባለፈው ዓመት አረፉ። አሁን ድምፃቸው ያለው በዚያ የሠርግ ዲቪዲ ላይ ብቻ ነው። ዲቪዲው ድሮ 2 ነበር፤ አንዱን ሰው ተውሶ ወስዶት በዚያው ጠፋ። የቀረውም ተጭሯል።

ደሴ ያለችው አክስቴ በሠርጉ ጊዜ ታማ ስለነበር አልመጣችም። በቅርቡ ደወለችና "የእናቴን ድምፅ አንድ ጊዜ ልስማው፣ ገልብጣችሁ ላኩልኝ" አለች። እሷ ቤት ኮምፒውተር የለም። ያላት ዲቪዲ ማጫወቻም የፍላሽ መሰኪያ የለውም። ስለዚህ የግድ በዲቪዲ መላክ አለበት። እኛ ቤት ደግሞ ያለው አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። ዲቪዲውን ስንከተው ይዞራል፣ ይጮሃል፣ ከዚያ "ዲስክ አስገቡ" ይላል። ኧረ ገብቷል እኮ!

እናቴ ከእቁቧ ብር ሰጠችኝና "ይሄው፣ አንተ ኮምፒውተር አውቃለሁ ትል የለ? ሄደህ ግዛ" አለችኝ። ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ "ማሙሽ፣ የናንተ ኮምፒውተር ኬብሉ የቱ ነው? ሰፊው ነው ቀጭኑ?" ብለው ጠየቁኝ። እኔ አይቼው አላውቅም። ግን አላውቅም ማለት አፈርኩ። "ሰፊው ነው ጋሼ" አልኩ። ቤት መጥቼ ሲፒዩውን ከፍቼ ሳየው ቀጭኑ ነው! የገዛሁት አይገባም። እናቴ አልተቆጣችኝም። ዝም አለች። ዝምታዋ ግን ከቁጣ ይብስ ነበር።

በማግስቱ ለአይሲቲ መምህራችን ነገርኳቸው። እሳቸው በእረፍት ሰዓት ያስረዱኝን ነው ከዚህ በታች በቅደም ተከተል የጻፍኩላችሁ።

1ኛ. መጀመሪያ በትክክል መበላሸቱን እናረጋግጥ

ሁልጊዜ ጥፋቱ የራይተሩ አይደለም። ዲስኩ ራሱ ተጭሮ ወይም ቆሽሾ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሌላ ደህና ዲስክ ከትቶ መሞከር ነው። ኬብሉም ላልቶ ሊሆን ስለሚችል ኮምፒውተሩን አጥፍተን፣ ከመብራት ነቅለን፣ ኬብሉን ጠበቅ አድርገን እንሰካዋለን።

የኛ ራይተር የዘፈን ሲዲ ያነባል፣ ዲቪዲ ግን አያነብም ነበር። ይሄ ለምን እንደሆነ ስሰማ በጣም ነው የገረመኝ። በራይተሩ ውስጥ 2 ዓይነት የሌዘር ብርሃን አለ። ለሲዲ የሚያገለግለው በዓይን የማይታይ ሲሆን የሞገድ ርዝመቱ 780 ናኖሜትር ነው። ለዲቪዲ የሚያገለግለው ቀይ ሲሆን 650 ናኖሜትር ነው። አንዱ ሲደክም ሌላው ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ "ሲዲ ስለሚያነብ ደህና ነው" ማለት አይቻልም።

የዲስኩ ማስቀመጫ አልከፈት ካለ ደግሞ በፊት ለፊቱ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ፣ የወረቀት ማያያዣ ሽቦ አቃንቶ ቀስ ብሎ መግፋት ነው። ዲስካችሁ ውስጥ ቢቀር በዚህ ታወጡታላችሁ።

2ኛ. መጠኑንና ኬብሉን እንይ

እኔ የወደቅኩበት ፈተና ይሄ ነው። ራይተር በ3 ይከፈላል።

ሀ) አይዲኢ የሚባለው የድሮው ነው። ኬብሉ እንደ ሪባን ሰፊና ጠፍጣፋ ነው፤ መሰኪያው ባለ 40 ነው። የመብራቱ መሰኪያ 4 ወፋፍራም ቀዳዳ አለው።

ለ) ሳታ የሚባለው ከሱ በኋላ የመጣ ነው። የመረጃ ኬብሉ ቀጭን ሲሆን መሰኪያው 7 መገናኛ ብቻ አለው። የመብራቱ ደግሞ 15 አለው፣ ጠፍጣፋ ነው።

ሐ) በዩኤስቢ ከውጭ የሚሰካው ነው። ይሄኛው ሲፒዩ መክፈት አያስፈልገውም። ለላፕቶፕም ለዴስክቶፕም ይሆናል። አንዳንዱ ግን አንድ ዩኤስቢ ኃይል ስለማይበቃው 2 መሰኪያ ይፈልጋል።

የአይዲኢ ራይተር የሳታ መሰኪያ ላይ በግድ አይገባም። መጠኑም ይለያያል። የዴስክቶፕ ራይተር ስፋቱ 14 ሴንቲሜትር ተኩል ያህል፣ ቁመቱ 4 ሴንቲሜትር ያህል ነው። የላፕቶፑ ግን ስስ ነው፤ ውፍረቱ 12.7 ወይም 9.5 ሚሊሜትር ነው። በነዚህ በሁለቱ ስሶች መካከል እንኳ ልዩነት ስላለ ለላፕቶፕ የምትገዙ ለክታችሁ ሂዱ።

ከሁሉ የሚበልጠው ዘዴ ግን አሮጌውን ፈትቶ ይዞ መሄድ ነው። ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን አስቀምጦ ከኋላ ማመሳሰል ነው። እኔ ለሁለተኛ ጊዜ ስሄድ ይህንን ነው ያደረግኩት።

3ኛ. ማንበብ ብቻ ነው ወይስ መጻፍም ይችላል?

ሁሉም ከፊት ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ስለዚህ ላዩ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል። "ዲቪዲ ሮም" የሚለው ማንበብ እንጂ መጻፍ አይችልም። "ኮምቦ" የሚባለው ዲቪዲ ያነባል፣ የሚጽፈው ግን ሲዲ ብቻ ነው። ሁለቱንም የሚያነብና የሚጽፈው "ዲቪዲ አርደብሊው" የሚል ያለበት ነው። እኛ የምንፈልገው እሱን ነው።

ባዶ ዲስክም ዓይነት አለው። "አር" የሚለው አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፍበታል። በውስጡ ቀለም አለ፤ ሌዘሩ ቀለሙን በሙቀት ስለሚለውጠው ወደ ነበረበት አይመለስም። "አርደብሊው" የሚለው ግን በውስጡ ልዩ የብረታ ብረት ድብልቅ ስላለው እየጠፋ እስከ 1000 ጊዜ ያህል ሊጻፍበት ይችላል። ዲቪዲ ደግሞ የመደመር ምልክት ያለውና የመቀነስ ምልክት ያለው አለ። ሁለቱንም የሚቀበል ራይተር ከተገዛ ችግር የለም።

4ኛ. ምን ያህል ይይዛል? ፍጥነቱስ?

ሲዲም ዲቪዲም ስፋታቸው 12 ሴንቲሜትር ነው። ሲዲ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1982 ሲሆን የሠሩትም ፊሊፕስና ሶኒ ናቸው። ሲዲ 700 ሜጋባይት ይይዛል። ዲቪዲ ግን 4.7 ጊጋባይት ይይዛል። እስቲ እናካፍለው፣ 4700 ለ 700 ሲካፈል 6.7 ይሆናል። አንድ ዲቪዲ ወደ 7 ሲዲ ማለት ነው! ባለ ሁለት ንጣፉ ዲቪዲ ደግሞ 8.5 ጊጋባይት ይይዛል። የሠርግ ቪዲዮ በሲዲ የማይበቃው ለዚህ ነው።

ፍጥነቱ የሚጻፈው በቁጥርና በኤክስ ነው። ለዲቪዲ 1 ኤክስ ማለት በሰከንድ 1.385 ሜጋባይት ነው። ሙሉ ዲቪዲ በ1 ኤክስ ለመጻፍ 57 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። በ4 ኤክስ ስናሰላው ወደ 14 ደቂቃ ይሆናል። ባለሱቆች "ይሄ ፈጣን ነው" ይሉናል፣ ግን አንድና ሁለት ዲስክ ለሚጽፍ ቤተሰብ ፍጥነት ብዙ ለውጥ የለውም። ለዚያ ብለን ብር መጨመር የለብንም። እንዲያውም ዲስኩ ርካሽ ከሆነ በዝግታ መጻፍ ይሻላል።

5ኛ. ከመክፈላችን በፊት እንሞክር

በተለይ ያገለገለ የምንገዛ ከሆነ 1 የተጻፈበት ዲቪዲና 1 ባዶ ዲቪዲ ይዘን እንሂድ። እዚያው ያንብብልን፣ እዚያው ይጻፍልን። የተጻፈውን ደግሞ በሌላ ማጫወቻ እንየው። ራሱ ጽፎ ራሱ ብቻ የሚያነብ ከሆነ አይጠቅመንም። በመጨረሻም "ባይሠራ ትቀይሩልኛላችሁ?" ብለን በግልጽ እንጠይቅ።

6ኛ. ስንገጥምና ስንጽፍ

ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ከሶኬት መንቀል ግዴታ ነው። ከዚያ በካቻቪቴ ቡሎኖቹን ፈትቶ አሮጌውን ማውጣት፣ አዲሱን አስገብቶ ሁለቱን ኬብሎች መሰካት ነው። ያለ ትልቅ ሰው ብቻችሁን አትክፈቱ።

ስንጽፍ ዲስኩን መጀመሪያ ወደ ሀርድ ዲስክ ገልብጠን ነው ወደ ባዶው የምንጽፈው። እየጻፈ ሳለ መብራት ከሄደ "አር" የሆነው ዲስክ ተበላሽቶ ይቀራል። ስለዚህ ቢያንስ 2 ባዶ ዲስክ ይኑረን። ሌላው ደግሞ በመጨረሻ ዲስኩ "መዘጋት" አለበት፣ ፋይናላይዝ ይባላል። ካልተዘጋ በኮምፒውተር ታይቶ በቴሌቪዥኑ ማጫወቻ ላይ አልታይ ሊል ይችላል።

ዲስኩን ስንይዝ በጠርዙ እንያዝ። ስንጠርገው ደግሞ ዙሪያውን ሳይሆን ከመሃል ወደ ውጭ በቀጥታ፣ በለስላሳ ጨርቅ ነው። ፀሐይ ላይ አናስቀምጠው።

እንግዲህ የኔ ታሪክ መጨረሻው ምን ሆነ መሰላችሁ? አሮጌውን ይዤ ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ለባለሱቁም "ጋሼ፣ ያን ቀን ሳላውቅ ነው ሰፊው ነው ያልኩዎት፣ ይቅርታ" አልኳቸው። እሳቸውም ስቀው "ያን ጊዜ አላውቅም ብትለኝ እኮ መጥቼ አይልህ ነበር" አሉኝና ትንሽ ብር አስጨምረው በሳታ ቀየሩልኝ። ሱቅ ውስጥ ሞከርነው፣ ሠራ።

ማታ አባቴ እያየ ገጠምነው። ዲቪዲው የተጫረ ስለሆነ ለመገልበጥ ብዙ ሰዓት ፈጀ። ጭፈራው ላይ ሁለት ቦታ ቆም ቆም ይላል። የአያቴ ምርቃት ግን ምንም ሳይጎድል ወጣ። እናቴ ሥራዋን ትታ መጥታ ቆማ ሰማችው። "አሜን፣ አሜን" እያለች አብራ ተቀበለች፣ ልክ አሁን የሚመርቁ ይመስል። አንዱን ወደ ደሴ ላክን፣ አንዱን እኛ አስቀመጥን፣ ለጥንቃቄ ደግሞ ፍላሽ ላይ ገለበጥነው። አክስቴ በደረሳት ቀን ደውላ ብዙ አልተናገረችም፤ "ተባረክ ልጄ" ብቻ አለችኝ።

ስለዚህ ጓደኞቼ፣ ከዚህ ጽሑፍ ሁሉንም ብትረሱ 2 ነገር አትርሱ። አንደኛ፣ የምትወዱትን ሰው ድምፅ ወይም ፎቶ በአንድ ቦታ ብቻ አታስቀምጡ። ሁለተኛ፣ ሰው ሲጠይቃችሁ የማታውቁትን "አላውቅም" በሉ። አላውቅም ማለት ብር አያስከፍልም። አውቃለሁ ማለት ግን እኔን አስከፍሎኛል።

ራሳችሁን ፈትሹ

1. ሲዲ እያነበበ ዲቪዲ የማያነብ ራይተር ምን ሆኖ ሊሆን ይችላል?
2. ኮምቦ ዲቪዲ ላይ መጻፍ ይችላል ወይስ አይችልም?
3. ሙሉ ዲቪዲ በ1 ኤክስ 57 ደቂቃ ከፈጀ በ8 ኤክስ ስንት ደቂቃ ያህል ይሆናል?
4. ሱቅ ስንሄድ ይዘን መሄድ ያለብን 3 ነገሮች ምንድን ናቸው?

መልስ፦ 1. የዲቪዲው ሌዘር ደክሞ ሊሆን ይችላል። 2. አይችልም። 3. በስሌት 7 ደቂቃ ያህል፤ ሲሠራ ግን ከመጀመሪያው በሙሉ ፍጥነት ስለማይጽፍ ትንሽ ይጨምራል። 4. አሮጌው ራይተር፣ የተጻፈበት ዲቪዲና ባዶ ዲቪዲ።



ከ7ኛ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል