ከቀዶ ሕክምና በኋላ፦ የቀረው ሕክምና በቤታችን ነው



አንድ ሰው ከመኪና አደጋ ተርፎ፣ ቀዶ ሕክምናውም ተሳክቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ «አልሐምዱ ሊላህ፣ አለፈ» እንላለን። ምስጋናው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከሆስፒታል መውጣት የሕክምናው ማብቂያ አይደለም። የቀረው በቤተሰቡ እጅ ነው።

በመስጂዳችን የምናውቃቸው አንድ የልጆች አባት መንገድ ሲያቋርጡ መኪና ገጭቷቸው የጭን አጥንታቸው ተሰበረ። አጥንቱ በብረት ተያይዞ ወደ ቤት ሲመለሱ ባለቤታቸው እንዳይነቃነቁ ብለው ቀኑን ሙሉ አስተኟቸው። ሆዳቸው እንዳይከብድ ሾርባና አጥሚት ብቻ ሰጧቸው። ከገጠር የመጡት እናታቸው ደግሞ ወጌሻ ይጠራ ብለው ለመኑ። በአሥረኛው ቀን ታማሚው ከስተው ባታቸውም አብጦ ተገኘ። ሆስፒታል ሲመለሱ ደም መርጋቱ ታወቀ። በጊዜ በመድረሳቸው አላህ አተረፋቸው። በዚያ ቤት ፍቅር አልጎደለም፤ የጎደለው እውቀት ነበር።

ምን ይብላ?

የጭን አጥንት ሲሰበር እስከ አንድ ሊትርና ከዚያም በላይ ደም ሊፈስ ይችላል። ሰውነት ደሙን ለመተካት፣ ቁስሉን ለመድፈንና አጥንቱን ለማያያዝ ከወትሮው የበለጠ ገንቢ ምግብ (ፕሮቲን) ይፈልጋል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ታማሚ በቀን ከ72 እስከ 90 ግራም ፕሮቲን ይመከራል። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ያህል አለው። ቀጭን ሾርባ ብቻውን ይህን ሊሞላ አይችልም።

ሥጋ መግዛት ያቃተው ቤተሰብ አይጨነቅ። ወፈር ያለ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ አተርና እንቁላል ጥሩ ናቸው። ወተትና እርጎ ለአጥንት የሚያስፈልገውን ካልሲየም ይሰጣሉ። ጎመን ሲቀርብ ሎሚ ይጨመርበት፤ ብርቱካን ወይም ፓፓያም ይከተል፤ ብረት የተባለው ንጥረ ነገር በደንብ ወደ ደም እንዲገባ ይረዳል። ሻይና ቡና ግን ይህንኑ ስለሚያግዱ ከምግብ ቢያንስ አንድ ሰዓት ዘግይተው ይጠጡ። የምግብ ፍላጎት ከሌለው በትንሽ በትንሹ ደጋግሞ ይብላ። የሕመም ማስታገሻ ሆድ ያደርቃልና ውኃ በብዛት ይጠጣ፤ ቅንጬና ፍራፍሬም ይጠቅማሉ። ጫት የምግብ ፍላጎትና እንቅልፍ ይነሳል፤ ሲጋራ ደግሞ አጥንት እንዳይገጥም ያዘገያል። የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት የምግቡን መጠን ከሐኪሙ ጋር ይወስን።

ይተኛ ወይስ ይንቀሳቀስ?

ሐኪሙ ካልከለከለ ታማሚው ነቅቶ ባለበት ሰዓት ሁሉ ጣቶቹንና ቁርጭምጭሚቱን ያንቀሳቅስ፤ ቀና ብሎ ይቀመጥ፤ በክራንችም ይነሳ። በተሰበረው እግር ላይ ምን ያህል ይቁም የሚለውን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። የጭን አጥንት ለመግጠም ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ይፈልጋልና አትቸኩሉ።

የተሰፋውን ቁስል ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ቅቤ፣ ማር ወይም ቅጠል አትቀቡበት። በብረት የተያያዘ አጥንት በወጌሻ አይታሽም፤ በጥብቅ ማሰርም የደም ዝውውርን አቋርጦ እግር እስከ ማስቆረጥ ሊያደርስ ይችላል። እናቶቻችን ይህን የሚሉት አዝነው ነውና በአክብሮት አስረዷቸው፤ ከተቻለ ሐኪሙ ራሱ እንዲነግራቸው አድርጉ።

ሶላትና ጾም

መቆም ያልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያልቻለ በጎኑ ተኝቶ ይሰግዳል። ውኃ የሚጎዳው ቁስል ሲኖር በፋሻ ላይ ማበስና ተየሙም ገር ተደርገዋል፤ ዝርዝሩን ኡስታዞችን ጠይቁ። ረመዷን ቢገባ ታማሚ ማፍጠርና በኋላ ቀዷ ማውጣት ተፈቅዶለታል። አላህ ያገራውን በራስ ላይ ማክበድ ሰብር አይደለም።

ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ

ባት ሲያብጥና ሲያም፣ ትኩሳት ሲኖር፣ ቁስሉ ሲቀላ ወይም መግል ሲያወጣ፣ የእግር ጣቶች ሲቀዘቅዙ፣ ሲጠቁሩ ወይም ሲደነዝዙ በዚያው ቀን ሂዱ። ድንገት ትንፋሽ ካጠረው ወይም ደረቱን ካመመው ደቂቃ አታባክኑ።

በመጨረሻም ለጀመዓው አንድ አደራ አለን። ዚያራችሁ አጭር ይሁን፤ በአንድ ጊዜ ክፍሉን አትሙሉ። ከስኳርና ከለስላሳ መጠጥ ይልቅ እንቁላል፣ ምስርና ወተት ያዙ። አስታማሚዋን እህታችንንም አትርሱ፤ አንድ ሌሊት ብትተኩላት ወይም ልጆቿን ብታበሉላት ትልቅ እረፍት ነው።

ያ ወንድማችን ከወራት በኋላ በክራንች ተደግፈው ለጁምዓ መጡ። ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰገዱ። አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋ ይስጥልን። አሚን።