ካንዴላው ለምን ተፈናጠረ?

የዛሬው የሳይንስ ትምህርታችን ከአጎቴ ሞተር የመጣ ነው።

አጎቴ ዕቃ የሚያደርስበት ያገለገለ ስኩተር ገዛ። በሦስተኛው ቀን ዳገት ላይ “ጧ!” ብሎ ጠፋ። እሳት የሚሰጠው ካንዴላ ተፈናጥሮ ወጥቷል። መካኒኩ ሲያየው የመግቢያው ጥርስ ተበልቶ ካንዴላው በማጣበቂያ ተለጥፎ ነበር።

ጥርሱ ለምን ተበላ?
ካንዴላው የሚታሰርበት የሞተሩ ራስ (ቴስታታ) አሉሚኒየም ነው። የካንዴላው ጥርስ ግን ብረት ነው። አሉሚኒየም ከብረት ይለሰልሳል። ካንዴላው ጠምሞ ከገባ ወይም ከልክ በላይ ከጠበቀ የሚበላው ቴስታታው ነው።

ማጣበቂያውስ ለምን አልያዘም?
ፒስቶኑ የጨመቀው ቤንዚንና አየር ሲቀጣጠል በኃይል ይገፋል። ያንን ግፊትና ሙቀት ማጣበቂያ አይችለውም።

ትክክለኛው ጥገና
1. ቀዳዳውን አስፍቶ ጥርስ ያለው የብረት ቀለበት ማስገባት።
2. ፍርፋሪው ሲሊንደር ውስጥ እንዳይቀር ማጽዳት።
3. ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ካንዴላውን መጀመሪያ በእጅ ማዞር። እምቢ ካለ አውጥቶ እንደገና መሞከር። በቁልፍ የሚጠብቀው መጨረሻ ላይ ብቻ ነው።

አጎቴ 4 ቀን ሥራ ፈታ። “ዕቃ ይበላሻል፤ ግን ሻጩ ቢነግረኝ ኖሮ ቀድሜ አሠራው ነበር” አለ።

እኛስ? የተሰበረ ዴስክ አስደግፈን ዝም ስንል ቀጥሎ የሚቀመጠው ልጅ ይወድቃል። ስለዚህ ያበላሸነውን እንናገር!

ጥያቄ፦ ከአሉሚኒየምና ከብረት በቀላሉ የሚጫረው የትኛው ነው? ለምን?