ሳትለዩ አታፍስሱ፦ ከተከዜና ከገባሮቹ የሚያዙ ትናንሽ ዓሦችን ስለመለየት የተሰጠ የኤክስቴንሽን ምክር

ለማን፦ በአበርገሌ፣ በዝቋላ፣ በሰሃላና በሰቆጣ ዙሪያ ለሚገኙ አስጋሪ ወጣቶች፣ የጓሮ ኩሬ ላላቸው አርሶ አደሮች፣ በቤታቸው የመስታወት ገንዳ ዓሣ ለሚያኖሩ ሁሉ
ወቅት፦ ከመስከረም እስከ ኅዳር

ክረምቱ ወጥቷል፤ ወንዞችም እየጎደሉ ነው። ጽራሬና ሌሎቹ የተከዜ ገባሮች ሲሸሹ በየድንጋዩ ሥር የተቋረጠ ውሃ ይቀራል፤ በዝናቡ ወራት የተፈለፈለው የዓሣ ጫጩትም እዚያው ይታጎራል። ይህን ያየ ሁሉ ጄሪካን ይዞ ይወርዳል፣ ያገኘውን ይቀዳል፣ ቤቱ ሲደርስ ጄሪካኑን እንዳለ ኩሬው ውስጥ ይገለብጣል።

ስህተቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ስለ ኩሬ አቆፋፈር፣ ስለ ውሃ አሞላል፣ ስለ ቀለብ ብዙ ተብሏል፤ አብዛኛው አርሶ አደርም ያውቀዋል። የሚዘለለው አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ እሱም ከመገልበጥ በፊት ዓሣውን አንድ በአንድ መለየት ነው። ከዚህ ቀደም በቃልም በጽሑፍም ተናግረናል። አሁንም እንደግመዋለን፤ ጥፋቱ በየዓመቱ እየተደገመ ነውና።

ለምን ይለያል?

በአንድ ጄሪካን ውስጥ የሚገቡት ጫጩቶች አንድ ዘር አይደሉም። ግማሹ አድጎ ለምግብ የሚሆን፣ ግማሹ ዕድሜውን ሙሉ ከጣት የማይበልጥ፣ ግማሹ ደግሞ ጎረቤቱን የሚበላ ነው። ከላይ ሲታዩ ሁሉም ጥቁር ጀርባ ብቻ ናቸው። «ቆሮሶ ነው» ብሎ ያስገባ ሰው ከወራት በኋላ ኩሬውን ሲያጠፍፍ ጥቂት ወፋፍራም አምባዛ ብቻ ያገኛል። ሌላው የት ሄደ ተብሎ አይጠየቅም፤ አምባዛው በልቶታል። በመስታወት ገንዳም ነገሩ ያው ነው፣ እንዲያውም ይፈጥናል፤ መደበቂያ የለምና።

አለያየቱ እንዲህ ነው

ባዶ ሃይላንድ ውሰዱ። አንገቱን በቢላ ቁረጡ፤ ዓሣው ከተያዘበት ከዚያው ውሃ ሙሉበት። እጃችሁን አርጥቡ፤ በደረቅ እጅ የተያዘ ዓሣ ልጋጉ ይገፈፋል፣ ቆይቶም ሻጋታ ይይዘዋል። አንድ ዓሣ፣ አንድ ብቻ፣ ጨምሩ። ፀሐይዋን ወደ ጀርባችሁ አድርጋችሁ ጠርሙሱን ከዓይናችሁ ትይዩ ያዙ። ዓሣው ጥቂት ይራወጣል፤ ከዚያ ይረጋና ክንፎቹን ይዘረጋል። የጠርሙሱ ክብ ጎን አጉልቶ ያሳያችኋል። ያን ጊዜ አራት ነገር እዩ፦

1. ቅርፊት አለው ወይስ ገላው ልሙጥ ነው?
2. ጢም አለው? ስንት ነው?
3. የጀርባ ክንፉ ረጅም ነው ወይስ አጭር?
4. አፉ ከፊት ነው ወይስ ከሥር?

የዓሣ መጠሪያ ከቀበሌ ቀበሌ ይለያያል፤ ስለዚህ በስም አትከራከሩ፣ በመልኩ ለዩት።

ቆሮሶ። ቅርፊት አለው፤ ጢም የለውም። ገላው ከግራና ከቀኝ የተጫነ፣ ቁመቱ ከፍ ያለ ነው። የጀርባ ክንፉ አንድ ወጥና ረጅም ሆኖ የፊተኛው ክፍል እሾሃማ ነው። በጫጩትነቱ በጀርባ ክንፉ የኋለኛ ጫፍ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ትታያለች፤ በጎኑም ከላይ ወደ ታች የወረዱ ጠቆር ያሉ መስመሮች አሉ። ነጥቧ ሲያድግ ትደበዝዛለች፤ ስለዚህ ትልቁ ላይ ብታጧት አትደናገሩ። ለኩሬ የሚመረጠው ይህ ነው።

አምባዛ። ቅርፊት የለውም። ጭንቅላቱ ጠፍጣፋና ጠንካራ ነው፤ በአፉ ዙሪያ ስምንት ጢም አለው። የጀርባ ክንፉ ዝቅ ብሎ እስከ ጭራው አጠገብ ይዘልቃል። ከውሃ ላይ አየር መሳብ ስለሚችል ውሃው ተበላሽቶ ሌላው ሲሞት እሱ ይተርፋል፤ በእርጥብ መሬት ተስቦም ከኩሬ ይወጣል። ጫጩቶቹ እርስ በርሳቸውም ይበላላሉ። «ቆሮሶ እንዳይበዛ አምባዛ ይጨመርበታል ሲባል ሰምተናል» የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው፤ ግን የሚጨመረው በቁጥር፣ ቆሮሶው ከጎረመሰ በኋላና ከቆሮሶው ያነሰ አምባዛ ተመርጦ ነው። ሳይታወቅ አብሮ የገባ አምባዛ ግን ኪሳራ ነው።

ከረከሮ። ይህም ልሙጥና ባለ ስምንት ጢም ስለሆነ ከአምባዛ ጋር ይምታታል። መለያው ጀርባው ነው፦ የፊተኛው ክንፉ አጭር ሆኖ ከኋላው ሌላ እሾህ የሌለው ሥጋማ ክንፍ ይከተላል፤ ጭራውም መንታ ነው። ሌሎች ዓሦችን እያደነ የሚበላ ነው። ወደ ትንሽ ኩሬም ወደ ገንዳም አይግባ። ስትይዙት ከጎንና ከጀርባ ክንፎቹ እሾህ እጃችሁን ጠብቁ።

ነጭ ዓሣና ትናንሾቹ ዘመዶቹ። የሚያብረቀርቅ ቅርፊት፣ በጀርባ መካከል አንድ አጭር ክንፍ፣ መንታ ጭራ፣ በአፍ ጥግ ጥቃቅን ጢም አላቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ትልቅ የሚሆነው የነጭ ዓሣ ጫጩትና ከጣት የማያልፈው ትንሽ ዘመዱ በመልክ ይመሳሰላሉ። ከሞተ ዓሣ አንድ ቅርፊት ንቀሉና በአጉሊ መነጽር እዩ። በቅርፊቱ ላይ ያሉት ጭረቶች እንደ ጃንጥላ ዘንግ ከመካከል ወደ ዳር ከተበተኑ ትንሹ ዘመድ ነው፤ ጎን ለጎን ተያይዘው ከሄዱ የትልቁ ጫጩት ነው። ትንሹ ለመስታወት ገንዳ ይመቻል፤ ለኩሬ ግን ቀለብ ማባከን ነው።

ድንጋይ ላይ የሚጣበቀው። አፉ ከሥር ነው፤ ከታችኛው ከንፈሩ ኋላ ክብ መጣበቂያ አለው፣ ሆዱም ጠፍጣፋ ነው። በሃይላንዱ ውስጥ ስታዩት ሆዱን ጠርሙሱ ላይ ለጥፎ ይቆማል። ዘሩ ጋራ ይባላል። በድንጋይ ላይ የበቀለውን አረንጓዴ እየፋቀ ይበላል፤ ትልቅ አይሆንም። ለገንዳ ያምራል፣ ግን የወራጅ ውሃ ዓሣ ነውና በረጋና በሞቀ ውሃ ቀድሞ የሚሞተው እሱ ነው። መብራት ተቋርጦ የገንዳው አየር መንፊያ ሲቆም ውሃውን በጣሳ እየቀዳችሁ ከከፍታ መልሱበት፤ አየር ይገባዋል።

ትናንሾቹን «ከንቱ ዓሣ» ብላችሁ አትጣሏቸው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ አበበ ጌታሁን ከውጭ ባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ለሳይንስ አዲስ ብለው ከመዘገቧቸው የጋራ ዓይነቶች አንዱ የተሰየመው በተከዜ ገባር በግባ ወንዝ ነው። ያልታወቀ ዓሣ ዛሬም ከእጃችሁ ሊገባ ይችላል።

ከለያችሁ በኋላ

የማትፈልጉትን እዚያው፣ በተያዘበት ውሃ፣ ወዲያው ልቀቁት። ቤት ደርሶ ከሌላ ዓሣ ጋር የቆየውን ግን ወደ ወንዝ አትመልሱ፤ በሽታ ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ብርዱን አትርሱ። የተከዜ ግድብ ሐይቅ ሲሞላ ከባሕር ወለል በላይ 1,140 ሜትር ላይ ነው፤ ሰቆጣ ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። ቆሮሶ ውሃው ከ20 ዲግሪ ሲወርድ እድገቱ ይጎተታል፤ ወደ 10 ዲግሪ ከተጠጋ ይሞታል። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ለጫጩት ክፉ ነው። ስለዚህ ወደ ደጋ ስትወጡ ጄሪካኑን በኩሬው ውስጥ ግማሽ ሰዓት አቆዩት፣ ከኩሬው ውሃ ጥቂት በጥቂት ቀላቅሉበት፣ ከዚያ ዓሣውን ልቀቁ። የቧንቧ ውሃ ከሆነ አንድ ቀን ክፍት በሆነ ዕቃ ይደር፤ ክሎሪኑ ይውጣለት።

አታድርጉ

- ብርብራ ወቅጣችሁ ጅረት ላይ አትበትኑ። የደነዘዘውን ለገንዳ አንስታችሁ ብታመጡትም አይቆይም፤ የቀረው ጫጩት ሁሉ ደግሞ እዚያው ያልቃል።
- በአጎበር አትያዙ። አጎበር ለወባ መከላከያ የተሰጠ ነው፤ ወንዝ ሲገባ ደግሞ እንቁላል እስከ ጫጩት ጠርጎ ያወጣል።
- ከአንዱ ወንዝ የያዛችሁትን በሌላው አትልቀቁ። ከአዲስ አበባ የተገዛ ጎልድፊሽም ሆነ ሌላ የውጭ ዓሣ ሲሰለቻችሁ ተከዜ ውስጥ አትጣሉ። በቪክቶሪያ ሐይቅ ባለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የገባ አንድ እንግዳ አዳኝ ዓሣ ስንት የአገሬው ዘር እንዳጠፋ ይታወቃል፤ እስካሁንም አልተመለሰም።
- ዓሣ ከውሃ ወደ ውሃ ከማዛወራችሁ በፊት የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣው ሀብቱ እንዲጠበቅ ነው።

ካልለያችሁት

ሃይላንዱን ለየብቻ አስቀምጡ። ዓሣውን ከጎኑ በስልክ ፎቶ አንሱት፤ መጠኑ እንዲታወቅ አንድ ሳንቲም ከጠርሙሱ ሥር አስጠጉ። ከየትኛው ወንዝና በየትኛው ቀን እንደተያዘ ጻፉ። የቀበሌያችሁን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ አሳዩ፤ እሱ ካልለየው ወደ ሰቆጣ ደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል ያስተላልፈዋል። ብዛት ያለው የተረጋገጠ የቆሮሶ ጫጩት የምትፈልጉ ደግሞ ከወንዝ ከመቅዳት በወረዳችሁ በኩል ከባሕር ዳር ወይም ከሰበታ የዓሣ ምርምር ማዕከል እንዲጠየቅላችሁ አመልክቱ።

ወቅቱ አጭር ነው፤ ውሃው ሳይደርቅ ብዙ ጄሪካን ይቀዳል። ዘንድሮ ሌላውን ምክር ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ፦ አንድ ሃይላንድ፣ አንድ ዓሣ፣ ከጎኑ። ያልተለየ ዓሣ ወደ ኩሬም ወደ ገንዳም አይፈስም።